«መምህራኖች» ነው «መምህራን»? ስምን የማብዛት ዝርዝር መመሪያ

«የመምህራኖች ስብሰባ»፣ «የሕፃናቶች ልብስ»፣ «ብዙ ዓመታቶች አለፉ»። ደሴ ፒያሳ በተለጠፈ ማስታወቂያም፣ ቴሌግራም ላይም፣ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤም እንዲህ ተጽፎ ታገኛላችሁ። እኔን ይህ ነገር ያንገበግበኛል። አማርኛ ስምን የሚያበዛበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው፤ ሁሉም መንገድ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን ለያይቶ ያሳየን ሰው ስለሌለ ግን አንዱን ከአንዱ እየደራረብን እንጽፋለን። አብሽሩ፣ ከባድ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ይዛችሁ ከሄዳችሁ አብዛኛው ስህተት ገና ሳይጻፍ ይቀራል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ አንድ ስም ላይ አንድ የብዙ ምልክት ይበቃል። የቀረው ሁሉ የትኛውን ምልክት፣ መቼ የሚለው ነው።

1. መጀመሪያ ስሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ

ብዙ ሰው በቀጥታ «ኦች» ወደ መጨመር ይሮጣል። አትሩጡ። ስሙ መብዛት የሚችል መሆኑን የሚነግራችሁ ዓይነቱ ነው።

የተጸውዖ ስም የአንድ ሰው፣ የአንድ ቦታ ወይም የአንድ ነገር መጠሪያ ነው። ደሴ፣ ከሚሴ፣ ወልድያ፣ ዘይነባ፣ ሰይድ። አንድ ብቻ ስለሆነ አይበዛም። ግን ወሎ ውስጥ አንድ ክፍል ገብታችሁ «ሰይድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ቀና የሚለው አንድ ልጅ ብቻ ላይሆን ይችላል። ያኔ «ሰይዶቹ ተነሱ» ማለት ፍጹም ትክክል ነው፤ ስሙ በዚያች ቅጽበት «ሰይድ የሚባሉ ልጆች» ሆኗልና እንደ ወል ስም ይበዛል።

ለሰው ስም ሌላ መሣሪያም አለን፤ «እነ»። «እነ ሰይድ መጡ» ስትሉ ሰይድ የሚባሉ ብዙ ሰዎች መጡ ማለታችሁ አይደለም። ሰይድና አብረውት ያሉት ማለት ነው። ስለዚህ «ሰይዶች» እና «እነ ሰይድ» የተለያዩ ናቸው፤ አታምታቱ። በወሬ ላይ «እነ ኮምቦልቻ፣ እነ ሐይቅ» እያልን ለከተማም እንጠቀምበታለን፤ ያን ጊዜ «እንደነዚህ ያሉ ከተሞች» ማለታችን ነው። «እነ» ካለ ስሙ ላይ «ኦች» አይጨመርም።

ደግሞ አንዱ ቃል ሁለት ዓይነት ስም ሊሆን ይችላል። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን ያለችው ከተማ ስትሆን የተጸውዖ ስም ነው፤ አትበዛም። ውሃው ሲሆን ግን የወል ስም ነውና «ሐይቅና አርድቦ የተሁለደሬ ሐይቆች ናቸው» ትላላችሁ። እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መጀመሪያ ላይ ያለው ሐይቅ መጠሪያ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው የወል ስም ነው። ትዝታም እንዲሁ ነው። «የልጅነት ትዝታዎች» ስትሉ ረቂቅ ስም ነው፤ ይበዛል። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚጠራው ቅኝት ሲሆን ግን መጠሪያ ነው። «አራቱ ቅኝቶች» ይባላል እንጂ «ትዝታዎችና ባቲዎች» አይባልም።

የወል ስም ዋናው የማብዛት ሜዳ ነው፤ በግ፣ ቤት፣ ገበሬ፣ ተማሪ፣ መንገድ። ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ የምናየው እሱን ስለሆነ እዚህ አልዘገይበትም።

የጥቅል ስም ነጠላ ሆኖ ብዙን ያቀፈ ነው፤ ሕዝብ፣ መንጋ፣ ሠራዊት፣ ጉባኤ። አንዱ መንጋ ውስጥ ብዙ በግ ቢኖርም መንጋው አንድ ነው። «መንጋዎች» የምትሉት ሁለትና ሦስት የተለያየ መንጋ ሲኖር ብቻ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ሲጀምር «ሕዝቦች» ያለው ስለ ሰዎች ብዛት አይደለም፤ ከአንድ በላይ ሕዝብ አለ ማለቱ ነው። ስብሰባ ላይ ለተሰበሰበ ሰው ግን «ሕዝቡ» ይበቃል።

የቁስ ስም ውሃ፣ ጨው፣ ማር፣ ቅቤ፣ ጤፍ፣ አፈር ነው። አይቆጠርም፤ ይለካል። ሰኞ ባቲ ገበያ ውጡና ስሙ። «ሁለት ጨዎች» የሚል ሰው አታገኙም። የሚበዛው መለኪያው ነው፤ «ሁለት አሞሌ ጨው»፣ «ሦስት ኩንታል ጤፍ»፣ «አንድ ጣሳ ማር»። «ማሮች» ወይም «ዘይቶች» ብሎ መጻፍ የሚያስኬደው ዓይነቱን ስታወሩ ብቻ ነው፤ «ገበያ ላይ የተለያዩ ዘይቶች አሉ» እንደሚባለው። ሻይ ቤት ገብታችሁ «ሁለት ሻይ» ስታዝዙም የተቆጠረው ብርጭቆው ነው፤ ስለዚህ «ሻዮች» አትሉም።

ረቂቅ ስም በእጅ የማይዳሰስ ነው። ደግነት፣ ድህነት፣ ሽምግልና፣ ጀግንነት አይበዙም፤ «ደግነቶች» ጆሮ ይቆረቁራል። ሐሳብ፣ ችግር፣ ጥያቄ፣ ምክንያት ግን አንድ ሁለት ተብለው ስለሚቆጠሩ ይበዛሉ።

2. ማብዛት በእርግጥ ያስፈልጋል?

አማርኛ ቁጥር ካለ ስሙን በግድ አብዛ አይልም። ገበያ ላይ ይህን በደንብ ትሰማላችሁ፦

«አያ ሰይድ፣ ስንት በግ አመጡ?»
«አምስት በግና ሁለት ፍየል።»

ንጹሕ አማርኛ ነው። «አምስት በጎች» ማለትም ስህተት አይደለም፤ ወደ ጽሑፍ ቋንቋ ያዘነብላል። ስሙ የታወቀ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። «አምስቱ በጎች ተሸጡ» ይባላል፤ «አምስቱ በግ» ግን ይጎረብጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ላይ «ኡ» ካረፈ ስሙን አብዙት።

«ብዙ» እና «ስንት» ሁለቱንም ይቀበላሉ፤ ብዙ ሰው፣ ብዙ ሰዎች። «የተለያዩ» እና «ልዩ ልዩ» ሲቀድሙ ስሙን ማብዛት ይሻላል፤ የተለያዩ ዕቃዎች። «እያንዳንዱ» ግን ነጠላ ብቻ ነው የሚፈልገው። እያንዳንዱ ተማሪ። «እያንዳንዱ ተማሪዎች» የሚለውን ስታዩ ሰርዙት።

ጥያቄ ሲሆን ቃሉን መድገም ራሱ ማብዛት ነው፦ «ማን ማን መጣ?»፣ «ምን ምን ገዛሽ?»፣ «የት የት ሄዳችሁ?»

3. የመጨረሻውን ፊደል እዩ

አሁን የወል ስም ይዛችኋል፤ ማብዛትም ወስናችኋል። የአማርኛው ምልክት «ኦች» ነው፤ አጻጻፉ የሚወሰነው ቃሉ በሚያልቅበት ፊደል ነው።

በሳድስ (እንደ «ግ») ካለቀ፣ ሳድሱን ወደ ሳብዕ (እንደ «ጎ») ቀይሩና «ች» ጨምሩ። በግ፣ በጎች። ቤት፣ ቤቶች። ግመል፣ ግመሎች። ጉዳይ፣ ጉዳዮች። ሰው፣ ሰዎች። መስጊድ፣ መስጊዶች። ባጃጅ፣ ባጃጆች። ከውጭ የመጣ ቃልም በዚሁ ይሄዳል።

በሣልስ (እንደ «ሪ»)፣ በኀምስ (እንደ «ሬ») ወይም በሳብዕ (እንደ «ሮ») ካለቀ ቃሉን ሳትነኩ «ዎች» ቀጥሉበት። ተማሪ፣ ተማሪዎች። ዱበርቲ፣ ዱበርቲዎች። ገበሬ፣ ገበሬዎች። ወሎዬ፣ ወሎዬዎች። ዶሮ፣ ዶሮዎች።

በራብዕ (እንደ «ሻ») ካለቀ ሁለት በር አለ። ራብዑን ወደ ሳብዕ ቀይሮ «ች» መጨመር ይቻላል፤ ውሻ፣ ውሾች። ሌባ፣ ሌቦች። ከተማ፣ ከተሞች። አህያ፣ አህዮች። ወይም «ዎች» መቀጠል ይቻላል፤ ወረዳ፣ ወረዳዎች። ጫካ፣ ጫካዎች። የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን ቁርጥ ያለ ሕግ የለም፤ ጆሮ ነው የሚፈርደው። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ቃሉ ከውጭ የመጣ ከሆነ ሳትቆርጡት «ዎች» ጨምሩበት። ፋብሪካዎች እንጂ ፋብሪኮች አይባልም፤ መንዙማዎች እንጂ መንዙሞች አይባልም።

የቃሉን መጨረሻ ስትቆርጡ ደግሞ ሌላ ቃል እንዳታበዙ ተጠንቀቁ። «ሥራ» ሲበዛ «ሥራዎች» ነው። «ሥሮች» ካላችሁ የዛፍ ሥር ሆነ። ገበሬው የሚጠምደው «በሬዎች» ነው፤ «በሮች» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው የቤት በር ሊመስለው ይችላል። «ወሬዎች» እና «ወሮች» እንዲሁ ናቸው። ሲናገሩ አገባቡ ያድናል፤ ሲጽፉ ግን ግልጹን ምረጡ።

4. ቃሉ የግእዝ ብዙ ካለው አንዱን መንገድ ምረጡ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ ስህተቱ በብዛት የሚወለደው እዚህ ነው።

ከግእዝ የወረስናቸው ስሞች የራሳቸውን ብዙ ይዘው መጥተዋል። አንዳንዶቹ በ«አን» ይበዛሉ፤ መምህር፣ መምህራን። ቅዱስ፣ ቅዱሳን። ምዕመን፣ ምዕመናን። አንዳንዶቹ በ«አት»፤ ካህን፣ ካህናት። ሕፃን፣ ሕፃናት። ቃል፣ ቃላት። አባል፣ አባላት። ገዳም፣ ገዳማት። ሌሎቹ ሆዳቸው ውስጥ ይለወጣሉ፤ መጽሐፍ፣ መጻሕፍት። ኮከብ፣ ከዋክብት። መልአክ፣ መላእክት። ድንግል፣ ደናግል።

ለእነዚህ ሁለት ምርጫ አላችሁ። «መምህሮች» ማለት ትችላላችሁ፤ አማርኛ ነው፤ ማንም ሊከለክላችሁ አይገባም። «መምህራን» ማለትም ትችላላችሁ። «መምህራኖች» ግን ቀድሞ የበዛውን እንደገና ማብዛት ነው። ሕፃናቶች፣ ቃላቶች፣ መጻሕፍቶች፣ እንስሳቶች፣ አባላቶች፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

ስህተቱ በጣም የሚደበቀው ባለቤትነት ሲጨመር ነው። «መምህራኖቻችን» የሚለው ጆሮአችን ስለለመደው ልክ ይመስላል። ልኩ «መምህራናችን» ወይም «መምህሮቻችን» ነው። «ሕፃናታችን»፣ «ቃላታችን»፣ «አባላታችን»፤ ሁለት ሦስቴ ጮክ ብላችሁ በሉትና ምላሳችሁ ይለምደዋል።

ግን በ«አት» ወይም በ«አን» ያለቀ ሁሉ ብዙ አይደለም። ሽልማት፣ ምክንያት፣ ወጣት፣ እናት፣ ሽፋን ነጠላ ናቸው፤ ሲበዙ ሽልማቶች፣ ምክንያቶች፣ ወጣቶች፣ እናቶች፣ ሽፋኖች ይሆናሉ። እንዴት ትለያላችሁ? ከፊቱ «አንድ» አስቀምጡ። «አንድ ሽልማት» ይሄዳል፤ እንግዲያውስ ነጠላ ነው፤ «ኦች» ይችላል። «አንድ መምህራን» አይሄድም፤ ስለዚህ ቀድሞ በዝቷል፤ ተዉት። ይህቺን ፈተና ያዙ፤ ከመዝገበ ቃላት ትፈጥናለች።

አንዳንዴ ሁለቱ ብዙዎች የተለያየ ሥራ ይዘዋል። «ሰዓታት» ጊዜው ነው፤ እጅ ላይ የሚታሰረው ግን «ሰዓቶች»። «ተክሎች» የበቀለው ሁሉ ነው፤ «አትክልት» ግን ጎመኑና ካሮቱ ነው፤ ዛሬ እንደ ነጠላ ነው የምንጠቀምበት።

ወሎ ላይ ከዚህ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የዓረብኛው። «ዑለማ» ዓረብኛው ላይ ራሱ ብዙ ነው፤ ነጠላው «ዓሊም» ነው። «ሑጃጅ» የሐጅ ተጓዦች ማለት ነው፤ እሱም ብዙ ነው። «ሑጃጆች» እና «ዑለማዎች» ብለን ስንጽፍ የ«መምህራኖች»ን ነገር ነው የደገምነው። በንግግር ሥር ስለሰደዱ ሰው ፊት አላርምም፤ በጽሑፍ ግን «ዑለማ» እና «ሑጃጅ» ብዬ እጽፋለሁ። ኡስታዝ፣ ደረሳ፣ ሼህ ነጠላ ስለሆኑ በነፃነት አብዙ፤ ኡስታዞች፣ ደረሳዎች፣ ሼሆች።

እውነቱን ለመናገር ግእዝ ራሱም ድርብ ብዙ ያውቃል። «ንጉሠ ነገሥት» ውስጥ ያለው «ነገሥት» የንጉሥ ብዙ ነው፤ እኛ ግን «ነገሥታት» እንላለን። እሱ ዘመን ያጸደቀው ስለሆነ ተውት። ያ ግን ሌላውን ሁሉ ለመደረብ ፈቃድ አይሆንም።

5. ጥምር ስም

ሁለት ቃል ተጣምሮ የአማርኛ ከሆነ መጨረሻውን ብቻ አብዙ። ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤቶች። መሥሪያ ቤት፣ መሥሪያ ቤቶች። ባለሙያ፣ ባለሙያዎች።

የግእዝ ጥምር ከሆነ ግን መጀመሪያውም ይበዛል። የላሊበላውን እዩ። ቤተ ክርስቲያን ሲበዛ «ቤተ» ወደ «አብያተ»፣ «ክርስቲያን» ወደ «ክርስቲያናት» ይለወጣል፤ አብያተ ክርስቲያናት። ከአለት የተፈለፈሉት የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እያንዳንዳቸው ሲጠሩ ግን ቤተ ጊዮርጊስ፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው፤ የተጸውዖ ስም ነውና አይነካም። «ርዕሰ መምህር» በዚሁ መንገድ «ርዕሳነ መምህራን» ይሆናል። ይህ ከከበዳችሁ «የትምህርት ቤት ኃላፊዎች» በሉና እለፉ፤ ግማሹን አብዝቶ ግማሹን ከመተው ይሻላል።

6. በድግግሞሽ የሚበዙ

ቅጠላ ቅጠል፣ ብረታ ብረት፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ፣ ቁሳቁስ። መደጋገሙ ራሱ ማብዛት ነው። ሱቅ ላይ «የአትክልትና ፍራፍሬ መሸጫ» ተብሎ ሲጻፍ ምንም አይጎድለውም። «ፍራፍሬዎች» የሚል ብዙ ጽሑፍ አለ፤ እኔ ግን አልወደውም።

ቅጽልም በድግግሞሽ ይበዛል። ትልቅ፣ ትልልቅ። ረጅም፣ ረጃጅም። አጭር፣ አጫጭር። አዲስ፣ አዳዲስ። ነጭ፣ ነጫጭ። ሰፊ፣ ሰፋፊ። «አዲስ ቤቶች» ስህተት አይደለም፤ «አዳዲስ ቤቶች» ግን ወዙ ሌላ ነው። ቅጽሉ ስሙን ተክቶ ሲቆም ብቻ «ኦች» ይጨመርበታል፤ «ትልልቆቹን ሽጣቸው፣ ትንንሾቹን አስቀር»።

7. የሚቀጠለው በተራ ይቀጠል

ተራው የማይዛነፍ ነው። ስሙ፣ ከዚያ ብዙው፣ ከዚያ ባለቤቱ ወይም እርግጠኛነቱ፣ በመጨረሻ «ን»። ቤት፣ ቤቶች፣ ቤቶቻችን፣ ቤቶቻችንን። «ከ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «የ» ከፊት ይገባሉ፤ ከቤቶቻችን። የግእዙም ተራው ይኸው ነው፤ መጻሕፍት፣ መጻሕፍቱ፣ መጻሕፍቱን።

«ልጆቹ» ሁለት ትርጉም እንዳለው አትርሱ፤ የታወቁት ልጆችም፣ የእሱ ልጆችም ነው። ሊያምታታ ከሆነ «የእሱ ልጆች» ብላችሁ ለዩት። ቅጽል ከቀደመ ደግሞ እርግጠኛነቱና «ን» ወደ ቅጽሉ ይዞራሉ፤ «ትልልቆቹን ግመሎች ሸጠ»።

8. ግሱን አስማሙ

«ሰዎች መጡ»፣ «ብዙ ሰው መጣ»፣ «ሕዝቡ ወጣ»። ግሱ የሚከተለው የስሙን ቅርጽ ነው። «ሕዝቡ ወጡ» አትጻፉ።

አክብሮት ሲገባ ግን ግሱ አይለይላችሁም። «ሼሁ መጡ» አንድ ሰው ነው፤ «ሼሆቹ መጡ» ብዙ ናቸው፤ ግሱ አንድ ነው። እዚህ ላይ ብዛቱን የሚናገረው ስሙ ብቻ ስለሆነ «ኦች»ን መርሳት ትርጉም ይለውጣል።

9. በአንድ ማስታወቂያ ላይ እንሥራው

የቅሬ (የወሎ ዕድር) ማስታወቂያ እንጻፍና እናርመው። እንዲህ ተጻፈ እንበል፦

«ለቅሬያችን አባላቶች በሙሉ። እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስብሰባ ስላለ እያንዳንዱ አባላት እንዲገኙ። ትልቅ ዕቃዎቹ የት እንደሚቀመጡ ጉባኤው ይወስናሉ። ባለፉት ዓመታቶች ያገለገሉ ሽማግሌ፣ ዑለማዎችና ካህናቶች ይገኛል።»

«አባላቶች» እና «ዓመታቶች» ድርብ ናቸው፤ አባላት፣ ዓመታት። «እያንዳንዱ» ነጠላ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ አባል እንዲገኝ። «ዕቃዎቹ» ላይ ያለው «ኡ» ወደ ቅጽሉ ይሂድ፤ ትልልቆቹ ዕቃዎች። ጉባኤ የጥቅል ስም ነው፤ ይወስናል። ሽማግሌ በኀምስ ስለሚያልቅ ሽማግሌዎች። ዑለማና ካህናት ቀድመው በዝተዋል፤ ግሱ ደግሞ ይገኛሉ ይሁን። ታርሞ ሲለጠፍ፦

«ለቅሬያችን አባላት በሙሉ። እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስብሰባ ስላለ እያንዳንዱ አባል እንዲገኝ። ትልልቆቹ ዕቃዎች የት እንደሚቀመጡ ጉባኤው ይወስናል። ባለፉት ዓመታት ያገለገሉ ሽማግሌዎች፣ ዑለማና ካህናት ይገኛሉ።»